ነፃው መስክ፦ ከዋክሳሃቺ ዋሻ እስከ ሪንድለር ሽብልቅ



ይህ ዲስኩር በዳላስና በአካባቢው ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚቀርበው ሒሳብ በዘመናዊው ፊዚክስ ውስጥ ያለው ድርሻ በአማርኛ እንዲብራራ ከመርሐ ግብሩ አዘጋጆች በቀረበ ጥሪ መሠረት ነው። ጥሪው ሰፊ በመሆኑ ርእሱ ሆን ተብሎ እንዲጠብ ተደርጓል፤ የሚነገረውም በአክሲየሞች ላይ በተመሠረተው የኳንተም መስክ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ የመጀመሪያውን ስፍራ ስለሚይዘው ስለ ነፃ መስክ ብቻ ነው። መስክ ማለት በእያንዳንዱ ቦታና በእያንዳንዱ ቅጽበት የተወሰነ መጠን ያለው ነገር ነው፤ ማግኔታዊና ኤሌክትሪካዊ መስኮች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጀምሮ የሚታወቁ ምሳሌዎች ናቸው። መስኩ ነፃ የሚባለው በውስጡ የሚጓዙት ሞገዶች እርስ በርስ ሳይነካኩ፣ አንዱ የሌላውን መንገድ ሳያጣምም ሲተላለፉ ነው። አክሲየም ደግሞ ያለ ማረጋገጫ በመነሻነት የሚያዝና ሌላው ሁሉ በማረጋገጫ ከእርሱ የሚወጣበት ድንጋጌ ነው። በዲስኩሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋናው ሐሳብ ከመነሻው ቢነገር አድማጭን ከመንገላታት ያድናል። ምንም የማይጋጭበት ነፃ መስክ ብዙ ጊዜ የጀማሪ መለማመጃ ተደርጎ ይታያል፤ ነገር ግን ሦስት የቦታና አንድ የጊዜ ልኬት ባለው ዓለም ውስጥ፣ ከነፃው መስክና ከእርሱ በቀጥታ ከሚቀዱት በስተቀር፣ አክሲየሞቹን ሁሉ እንደሚያሟላ በተሟላ ማረጋገጫ የታወቀ የኳንተም መስክ እስካሁን የለም። ከዚህም በላይ፣ ቅንጣት የነገር ሁሉ መነሻ ነው፣ ባዶ ቦታም በእርግጥ ባዶ ነው የሚሉትን ሁለት የተለመዱ እምነቶች ለማፍረስ ግጭት አያስፈልግም፤ ይኸው ጸጥተኛ መስክ ብቻውን ያፈርሳቸዋል። ዲስኩሩ ከዋክሳሃቺ ተነሥቶ፣ በአክሲየሞቹና በነፃው መስክ አሠራር አልፎ፣ ሪቻርድሰን ይደርሳል፤ በመጨረሻም ከነፃው መስክ ማዶ ያለውን በአጭሩ ይቃኛል።

የመጀመሪያው ነጥብ ነፃ መስክ ለምን እንደሚያስፈልግ ነው፤ ለዚህም ሩቅ መሄድ አያሻም። ከዳላስ መሀል ከተማ በኢንተርስቴት 35 ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ የምትገኘው ዋክሳሃቺ በዓለም ትልቁ የቅንጣት ማፋጠኛ እንዲሠራባት ተመርጣ የነበረች ከተማ ናት። የአሜሪካ የኢነርጂ ዲፓርትመንት በኖቬምበር 1988 ኤሊስ ካውንቲን ሲመርጥ፣ ሱፐርኮንዳክቲንግ ሱፐር ኮላይደር የተባለው መሣሪያ ዙሪያው 87 ኪሎ ሜትር በሆነ ዋሻ ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሮጡ ሁለት የፕሮቶን ጨረሮችን፣ እያንዳንዳቸውን ወደ 20 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ኢነርጂ አድርሶ እንዲያጋጭ ታስቦ ነበር። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ዋሻ ከተቆፈረና 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከወጣ በኋላ ግን ኮንግረሱ በኦክቶበር 1993 ሥራውን አስቆመው። የውሳኔውን ፖለቲካ መተንተን የዚህ ዲስኩር ድርሻ አይደለም፤ ለአካባቢው ሳይንስ ከባድ ኪሳራ እንደነበር ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም። በዋክሳሃቺ ሊታደን የነበረው፣ ሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት መገኘቱ የታወጀው ጁላይ 4 ቀን 2012 በጄኔቫ አጠገብ፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ከሆነው መሣሪያ ነው፤ ከፈላጊዎቹ ሁለት ቡድኖች አንዱ በሆነው በአትላስ ውስጥም ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ፣ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በአርሊንግተንና የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዳላስ ተሳታፊዎች ናቸው። ልጆቻችሁ የሚማሩባቸው ግቢዎች ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደሉም።

እንዲህ ባለ መሣሪያ ውስጥ የሚታየው ምን እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል። ሁለቱ ፕሮቶኖች ገና ሳይገናኙ፣ በመካከላቸው ሰፊ ርቀት ሳለ፣ አንዱ የሌላውን መኖር የማያውቅ ያህል ይጓዛሉ፤ ከግጭቱ በኋላም የሚበተኑት ቅንጣቶች ወደ መመዝገቢያው መሣሪያ የሚደርሱት ተራርቀው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው እየበረሩ ነው። መጀመሪያውም መጨረሻውም፣ እንግዲህ፣ የነፃ መስክ ዓለም ነው፤ ነፃ ያልሆነው በመካከል ያለው እጅግ አጭር ቅጽበት ብቻ ነው። ሩዶልፍ ሃግ በ1958 የጀመረውንና ዴቪድ ሩዌል በ1962 ያጠናቀቀውን ማረጋገጫ ተከትሎ፣ አክሲየሞቹን የሚያሟላና የቅንጣቶቹ መጠነ ቁስ ከዜሮ በግልጽ የተለየ ማንኛውም መስክ፣ በሩቅ ባለፈው ጊዜ አንድ ነፃ መስክ፣ በሩቅ መጪው ጊዜም ሌላ ነፃ መስክ እንዳለው ይታወቃል። አንድ የሙከራ ፊዚክስ ባለሙያ «ይህን ያህል መጠነ ቁስ፣ ይህን ያህል ስፒን ያለው ቅንጣት ወጣ» ሲል የሚናገረው በነፃ መስክ ቋንቋ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ አክሲየሞቹ ናቸው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ቶሞናጋ፣ ሽዊንገር፣ ፋይንማንና ዳይሰን የኤሌክትሮንና የብርሃንን ግንኙነት የሚያሰላ ዘዴ አደራጁ። ዘዴው ያስገኛቸው ቁጥሮች አስደናቂ ናቸው፤ ዛሬ የኤሌክትሮን ማግኔታዊ ሞመንት በስሌትና በልኬት ሲነጻጸር ልዩነቱ ከትሪሊዮን አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ስሌቱ በየመንገዱ ወሰን የለሽ ቁጥሮችን እያፈለቀ፣ እነርሱንም በብልሃት እያስወገደ የሚሄድ በመሆኑ፣ የሒሳብ ሰው «የሚሰላው ነገር ራሱ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥርት ያለ መልስ የሚሰጠው አልነበረም። በፕሪንስተን ያስተምር የነበረው አርተር ዋይትማን፣ ከስዊድናዊው የሒሳብ ሊቅ ከላርሽ ጎርዲንግ ጋር በ1950ዎቹ ያደረገው ይህን ጥያቄ በቀጥታ መጋፈጥ ነበር፤ ስሌቱን ወደ ጎን ትቶ፣ አንድ ነገር የኳንተም መስክ ለመባል ቢያንስ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት ጻፈ። ሬይ ስትሪተርና ዋይትማን በ1964 ያሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ እስከ ዛሬ የዘርፉ መግቢያ ሆኖ ያገለግላል።

ድንጋጌዎቹ በቃል ሲነገሩ ቀላል ይመስላሉ። የሥርዓቱ ሁኔታዎች ሁሉ በሂልበርት ኅዋ ውስጥ ያሉ ቬክተሮች ናቸው፤ የሂልበርት ኅዋ ማለት ርዝመትና ማዕዘን የሚለካበት፣ ልኬቶቹ ግን ቁጥር የማይወስናቸው ኅዋ ነው። ተመልካቹ ቦታ ቢቀይር፣ ቢዞር ወይም በቋሚ ፍጥነት ቢጓዝ የንድፈ ሐሳቡ ትንበያ አይለወጥም፤ ይህ የአይንስታይን ልዩ አንጻራዊነት ግዴታ ነው። ኢነርጂ ከዜሮ በታች አይወርድም። ፍጥነቱን ለማይቀይር ተመልካች ሁሉ አንድ ሆኖ የሚታይ፣ ከሁሉ ያነሰ ኢነርጂ ያለው አንድ ሁኔታ አለ፤ እርሱም ቫኪዩም ይባላል። ብርሃን እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊደርስ በማይችልባቸው ሁለት አካባቢዎች የሚደረጉ ልኬቶች ደግሞ አይነካኩም፤ የትኛውም ቢቀድም ውጤቱ ያው ነው። በመጨረሻም ሁኔታዎቹ ሁሉ መስኩን በቫኪዩም ላይ ደጋግሞ በማሳረፍ ይገኛሉ፤ ከመስኩ ውጭ የተደበቀ ሌላ ነገር የለም ማለት ነው።

ከእነዚህ ይልቅ ረጋ ብሎ መታየት ያለበት መስኩ ራሱ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ የሚደነግገው ነው። በተለመደው አነጋገር «በዚህች ነጥብ ላይ ያለው መስክ» ይባላል፤ በኳንተም ዓለም ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። በቫኪዩም ውስጥ የመስኩ አማካይ መጠን ዜሮ ቢሆንም፣ ከአማካዩ ግራና ቀኝ የሚደረገው መዋዠቅ በአንዲት ነጥብ ላይ ሲሰላ ወሰን የለሽ ይሆናል። ኒልስ ቦርና ሊዮን ሮዘንፌልድ በ1933 ከልኬት አንጻር እንዳሳዩት፣ መሣሪያ ሁሉ ጥቂትም ቢሆን ስፋት ያለው ስለሆነ፣ ትርጉም ያለው መጠን በአንድ አካባቢና በአንድ የጊዜ ርዝመት ላይ የተመዘነው አማካይ ብቻ ነው። ለዚህ የሚስማማውን ሒሳብ ፈረንሳዊው ሎራን ሽዋርትዝ በ1940ዎቹ አዘጋጅቶት ነበር፤ የእርሱ ዲስትሪቢዩሽን በነጥብ ላይ ዋጋ ባይኖረውም በለስላሳ መመዘኛ ፈንክሽን ሲመዘን የታወቀ ቁጥር ይሰጣል። ዋይትማን መስክን እንዲህ ባለ መመዘኛ ሲመዘን ኦፐሬተር የሚሰጥ ዲስትሪቢዩሽን አድርጎ ደነገገው፤ ኦፐሬተር ማለት አንድን ቬክተር ወደ ሌላ ቬክተር የሚቀይር የሒሳብ መሣሪያ ነው። ቀደም ሲል ከተጠቀሱት ወሰን የለሽ ቁጥሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ገደብ ረስቶ ሁለት መስኮችን በአንዲት ነጥብ ላይ ከማባዛት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ እንዲህ ያለውን ሁሉ የሚያሟላ አንድ ነገር በእርግጥ መኖሩን ማሳየት ነው፤ ድንጋጌ መጻፍና ድንጋጌውን የሚያሟላ ነገር ማግኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና። ነፃው መስክ እዚህ ላይ ወሳኝ ይሆናል።

ክራርን አስቡ። አምስት ወይም ስድስት ክሮቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅኝት አላቸው። ነፃ መስክ ማለት ክሮቹ ስፍር ቁጥር የሌላቸው፣ አንዱ ሲመታ ሌላው ፈጽሞ የማይንቀሳቀስበት ክራር ነው፤ የእያንዳንዱ ክር ቅኝትም ከቅንጣቱ መጠነ ቁስና ከሞመንተሙ በአይንስታይን ቀመር ይወሰናል። በእውነተኛው ክራር የድምፅ ሳጥኑ የአንዱን ክር ንዝረት በጥቂቱም ቢሆን ለሌላው ያስተላልፋል፤ በመስክ ቋንቋ መስተጋብር የሚባለው ይህ ነው፤ ነፃው መስክ እርሱን ያስወግዳል። የኳንተም ሕግ ሲጨመር ደግሞ የአንድ ክር ንዝረት እንደ ፈቀደ አይጨምርም፣ በእኩል ደረጃዎች ብቻ ይወጣል፤ ክሩ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲሆን በዚያ ሞመንተም ሦስት ቅንጣቶች አሉ ይባላል። ቅንጣት ማለት እንግዲህ የደረጃ ቆጠራ ነው፤ መሠረቱ መስኩ ነው።

ይህ ሥዕል በሒሳብ ሲጸና ሦስት እርምጃ አለው። ዩጂን ዊግነር በ1939 እንዳሳየው፣ የልዩ አንጻራዊነት ግዴታዎች ብቻ የአንድ ቅንጣትን ሁኔታዎች ኅዋ በሁለት መለያዎች፣ በመጠነ ቁስና በስፒን (ቅንጣቱ በተፈጥሮው ባለው የመሽከርከር መጠን)፣ ይወስናሉ፤ መስክ ሳይታሰብ በፊት ቅንጣቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ግዴታዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ከዚያ ሩሲያዊው ቭላድሚር ፎክ በ1932 ባስተዋወቀው መንገድ፣ ምንም ቅንጣት የሌለበት፣ አንድ ያለበት፣ ሁለት ያሉበትና ወደ ላይ ያሉት ሁኔታዎች ሁሉ በአንድ ትልቅ ኅዋ ይጠቃለላሉ፤ የፎክ ኅዋ ይባላል። በመጨረሻም ቅንጣት የሚፈጥረው ኦፐሬተርና ቅንጣት የሚያጠፋው ኦፐሬተር በተወሰነ ክብደት ተደምረው መስኩን ይሰጣሉ። ሁለቱም የግድ መደመር አለባቸው፤ አንዱ ብቻውን ቢወሰድ ብርሃን በማያገናኛቸው አካባቢዎች ያሉ ልኬቶች አይነካኩም የሚለው ድንጋጌ ይፈርሳል። ከእነዚህ እርምጃዎች በኋላ ድንጋጌዎቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ይቻላል፤ ሁሉም ይጸናሉ፣ የሚዘለል ክፍተትም የለም።

ነፃው መስክ ምን ያህል በጥቂት ነገር እንደሚታወቅ ደግሞ የሚደነቅ ነው። ዋይትማን አንድ መስክ በቫኪዩም ውስጥ ባሉት አማካዮች፣ ማለትም መስኩ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት ቦታዎችና ከዚያም በላይ ተባዝቶ ሲታይ በሚሰጠው አማካይ መጠን፣ ሙሉ በሙሉ እንደሚታወቅ አረጋግጧል። ለነፃ መስክ የሁለት ነጥቡ ፈንክሽን ብቻ ይበቃል፤ ሌላው ሁሉ ነጥቦቹን ሁለት ሁለት አድርጎ በማጣመር ይገኛል። አራት ነጥቦች በ3 መንገድ፣ ስድስት ነጥቦች በ15፣ ስምንት ነጥቦች በ105 መንገድ ይጣመራሉ፤ የየጥምሩ ብዜት ተደምሮ መልሱ ይወጣል። ሬስ ዮስትና በርት ሽሮር ደግሞ ተቃራኒውን አቅጣጫ አረጋገጡ፤ አክሲየሞቹን የሚያሟላ መስክ የሁለት ነጥብ ፈንክሽኑ ከነፃ መስክ ጋር አንድ ከሆነ፣ መስኩ ነፃ ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ አስቸጋሪ እውነት አለ። ክሮቹ የተወሰኑ ቢሆኑ፣ ስቶንና ፎን ኖይማን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ባረጋገጡት መሠረት፣ የኳንተም ሕጎቹን በሂልበርት ኅዋ ላይ የማስፈሪያው መንገድ በመሠረቱ አንድ ብቻ በሆነ ነበር። ክሮቹ ወሰን ሲያጡ ግን መንገዶቹም ወሰን ያጣሉ፤ መጠነ ቁሳቸው በእጅጉ ትንሽ በሆነ መጠን የሚለያይ ሁለት ነፃ መስኮች እንኳ በአንድ ቅጽበት ያላቸውን መጠኖች አስታክኮ በአንድ የፎክ ኅዋ ማስፈር አይቻልም። ሃግ በ1955 ይህንኑ ወደ ፊት ወስዶ፣ መስተጋብር ያለበትን መስክ በነፃው መስክ ኅዋ ላይ ለማስፈር የሚሞክር ሁሉ መጨረሻው ነፃ መስክ እንደሚሆን አሳየ። የተለመደው የመማሪያ መጽሐፍ ስሌት ግን የሚጀምረው በትክክል ከዚህ ሙከራ ነው። ስሌቱ ትክክለኛ ቁጥር መስጠቱና መነሻው በሒሳብ የማይቆም መሆኑ አብረው መኖራቸው፣ በተናጋሪው እምነት፣ ፊዚክስን ለሚወድ ወጣት ከማናቸውም የኮላይደር ዜና የበለጠ ሊያሳስበው የሚገባ ነገር ነው።

አራተኛው ነጥብ ባዶነትን ይመለከታል፤ ለዚህም ዲስኩሩ ከዋክሳሃቺ ወደ ሪቻርድሰን ይሻገራል። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ መሥራቾች ኤሪክ ጆንሰን፣ ሴሲል ግሪንና ዩጂን ማክደርሞት በ1961 ያቋቋሙት የምርምር ማዕከል በ1969 ወደ መንግሥት ተላልፎ ዛሬ በሪቻርድሰን በካምቤል መንገድ አጠገብ የሚታየው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዳላስ ሆነ። ማዕከሉ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንጻራዊነት ሊቃውንትን ሰብስቦ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በከተማዋ በተገደሉ አንድ ወር ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 1963፣ የመጀመሪያው የቴክሳስ የአንጻራዊ አስትሮፊዚክስ ጉባኤ በዳላስ ተካሄደ፤ ሮይ ኬር የሚሽከረከርን ጥቁር ጉድጓድ የሚገልጸውን ቀመሩን ያቀረበውም እዚያ ነው። ወደ ማዕከሉ በዚያው ዓመት ከመጡት መካከል ቮልፍጋንግ ሪንድለር ይገኝበታል። ሪንድለር በ1924 ቪየና ተወልዶ፣ በ1938 አይሁድ ሕፃናትን ከናዚ ለማዳን በተደራጀው ጉዞ ወደ እንግሊዝ የተሻገረ ስደተኛ ሲሆን፣ የክስተት አድማስ የሚለውን ስያሜ በ1956 ለሳይንስ የሰጠ ሰው ነው። እስከ 2019 ዕረፍቱ ድረስ መኖሪያው ይኸው አካባቢ ነበር።

ሪንድለር በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ ፍጥነቱን ያለማቋረጥ በእኩል መጠን የሚጨምር ተመልካች ዓለምን እንዴት እንደሚያይ መረመረ። እንዲህ ያለው ተመልካች ከኋላው ካለ፣ አድማስ ከሚባል አንድ ወሰን ባሻገር የሚነሣ ብርሃን ለዘላለም አይደርስበትም፤ ብርሃን ከእርሱ ይልቅ ፈጣን ቢሆንም፣ ተመልካቹ አስቀድሞ በቂ ርቀት ላይ ስላለና ፍጥነቱንም ስለማያቋርጥ፣ ክፍተቱ ሳይዘጋ ይቀራል። ጊዜ ወደ ላይ፣ ርቀት ወደ ቀኝ ተደርጎ ሲሣል፣ ተመልካቹ መልእክት ሊልክበትም ሊቀበልበትም የሚችለው የዓለም ክፍል የሽብልቅ ቅርጽ ይይዛል፤ የሪንድለር ሽብልቅ የሚባለው እርሱ ነው። የዚህ ዓይነቱ እንቅስቃሴ ሒሳብ ከእርሱ በፊትም ይታወቅ ነበር፤ ከጥቁር ጉድጓድ አድማስ ጋር ያለውን ዝምድና አጥርቶ በማሳየቱ ግን ስሙ ተጣብቆበት ቀርቷል። ጽሑፉ ስለ ኳንተም አንድም ቃል የሚያነሣ አልነበረም።

ኳንተሙ የገባው በኋላ ነው። ስቲቨን ፉሊንግ በ1973 ያንኑ ነፃ መስክ በሽብልቁ ውስጥ ብቻ ሲያሰላ፣ የተመልካቹን ሰዓት ተከትሎ የሚገኘው የቅንጣት ቆጠራ ከተለመደው የተለየ እንደሆነ አገኘ። ዊልያም ኡንሩህ በ1976 ነገሩን ወደ ፍጻሜ አደረሰው፤ ለቋሚ ተመልካች ፍጹም ቫኪዩም የሆነው ሁኔታ ፍጥነቱን ለሚጨምረው ተመልካች ሙቀት ያለው፣ በቅንጣቶች የተሞላ ሆኖ ይታያል። በአንድ መስክ፣ በአንድ ሁኔታ ላይ ሁለት ተመልካቾች በቅንጣት ቁጥር አይስማሙም፤ ሁለቱም ግን ትክክል ናቸው።

መጠኑን በሚታወቅ ነገር መለካት ይቻላል። ከመቆም ተነሥቶ በዘጠኝ ሰከንድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መኪና ወደ ኤል ቢ ጄ አውራ ጎዳና ሲገባ ያለውን የፍጥነት አጨማመር ሳያቋርጥ ቢቀጥል ኖሮ፣ ነጂው በዚህ ምክንያት የሚያየው ሙቀት አንድ ኬልቪን ለመቶ ቢሊዮን ቢሊዮን ተከፍሎ አንዱ እጅ ገደማ ይሆናል፤ የዳላስ ነሐሴ ከዚህ እርዳታ አይፈልግም። ከነጂው በስተኋላ ያለው አድማስም ሦስት የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። አንድ ሙሉ ኬልቪን ለማግኘት ከምድር ስበት 25 ቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ ያህል የበለጠ የፍጥነት አጨማመር ያስፈልጋል። ስለዚህ ጉዳዩ በቀጥታ ተለክቶ የሚታይ አይደለም፤ ጉልበቱ የሚገኘው በማረጋገጫው ነው።

ማረጋገጫውም አስቀድሞ ያልተጠበቀ ሆኖ የመጣው ከአክሲየሞቹ በኩል ነው። ሄልሙት ሬህና ዚግፍሪድ ሽሊደር በ1961 እንዳሳዩት፣ በአንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ብቻ የሚሠሩ ኦፐሬተሮችን በቫኪዩም ላይ በማሳረፍ በሌላ በየትኛውም ስፍራ ያለን ማንኛውንም ሁኔታ በተፈለገው መጠን መቅረብ ይቻላል። ይህ ከሩቅ መልእክት መላክ ይቻላል ማለት አይደለም፤ ቫኪዩም የተባለው ሁኔታ የተራራቁ አካባቢዎችን በጽኑ የኳንተም ቁርኝት ያስተሳሰረ ነው ማለት ነው። ሰመርስና ቬርነር በ1985 ለነፃ መስክ ይህ ቁርኝት የቤልን ወሰን የሚጥስ መሆኑን አረጋገጡ፤ ተጋጭቶ የማያውቅ መስክ፣ አንድም ቅንጣት በሌለበት ሁኔታ፣ ጆን ቤል በ1964 ለተለመደው ዓለም ያሰመረውን መስመር ያልፋል። ከቁርኝቱ ግማሹ ከአድማሱ ማዶ ስለሚቀር፣ በሽብልቁ ውስጥ ብቻ የሚያየው ተመልካች የሚያገኘው የተበጠሰ ግማሽ ነው፤ የተበጠሰው ግማሽም ሙቀት ሆኖ ይታያል። ጆሴፍ ቢሶኛኖና አይቪንድ ዊችማን በ1975 እና በ1976 ያረጋገጡት ቲዮረም ነገሩን ከነፃው መስክ ባሻገር ለዋይትማን መስኮች ሁሉ ዘረጋው፤ በሽብልቁ ውስጥ ላሉት ኦፐሬተሮች ቫኪዩሙ ራሱ የሚወስንላቸው የጊዜ ፍሰት ፍጥነቱን የሚጨምረው ተመልካች ሰዓት ነው፣ ከዚያም አንጻር ቫኪዩሙ በትክክል ሙቀት ያለው ሁኔታ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሲጽፉ ስለ ኡንሩህ ሥራ አላሰቡም፤ ግንኙነቱን ጄፍሪ ሲዌል በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው ያወጣው።

የቀረው ከነፃው መስክ ማዶ ያለው ነው፤ እርሱም በአጭሩ ይነገራል። መስተጋብር ካላቸው መስኮች ቀላሉ፣ መስኩ በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ የሚገባበት ነው። ጄምስ ግሊምና አርተር ጃፊ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ አንድ የቦታና አንድ የጊዜ ልኬት ባለው ዓለም ይህ መስክ አክሲየሞቹን አሟልቶ እንደሚኖር አረጋገጡ፤ በ1970ዎቹ ሁለት የቦታና አንድ የጊዜ ልኬት ላለው ዓለምም ተሠራ። አራተኛው ልኬት ሲጨመር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ማይክል አይዘንማንና ዩጎ ዱሚኒል ኮፓን በ2021 ባሳተሙት ሥራ፣ መስኩ በጥቃቅን ነጥቦች መረብ ላይ ተሠርቶ መረቡ ወደ ዜሮ ሲጠብ መስተጋብሩ ሙሉ በሙሉ እንደሚጠፋ፣ የሚቀረውም ቀደም ሲል በተነገረው በሁለት ሁለት ማጣመር የሚታወቅ ነፃ ዓይነት መስክ ብቻ እንደሆነ አረጋገጡ። የሂግስ መስክም በራሱ ላይ የሚያሳርፈው መስተጋብር የዚሁ ዓይነት ነው። ቲዮረሙ ሂግስን ከሌሎቹ መስኮች ጋር አጣምሮ የሚመለከት ስላልሆነ የፊዚክስ ሰዎችን ስሌት አያፈርስም፤ ሂግስ ብቻውን ተነጥሎ እስከ ወሰን የለሽ ትንሽነት ድረስ ሊወርድ የሚችል መሠረት ነው ለሚል ግን በሩን ያጠባል።

ክፍት የቀረው በር በአቶም እምብርት ውስጥ ያለውን ብርቱ ኃይል የሚገልጹት የያንግ ሚልስ መስኮች ናቸው። ክሌይ የሒሳብ ተቋም በ2000 የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ካስያዘላቸው ሰባት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ሲሆን፣ ጃፊና ኤድዋርድ ዊተን ያዘጋጁት የጥያቄው መግለጫ፣ መልስ የሚያቀርበው ሰው በአራት ልኬት እንዲህ ያለው መስክ ቢያንስ የዋይትማንን ያህል ጥብቅ የሆኑ አክሲየሞችን አሟልቶ መኖሩን፣ በቫኪዩምና በመጀመሪያው ቅንጣት መካከልም ከዜሮ የሚበልጥ የኢነርጂ ክፍተት መኖሩን እንዲያሳይ ይጠይቃል። ከሰባቱ የተፈታው የፖይንካሬ ጥያቄ ብቻ ነው።